በሽንት ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን እንዴት ይመረመራል? በጅቡቲ ከተማ ሙቀት ውስጥ የታየ ጉዳይ

የጅቡቲ ከተማ ስም በተነሣ ጊዜ ብዙዎቻችን የምናስበው ወደቡንና የምድር ባቡሩን ነው። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው ሐዲድና በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ሐዲድ ሁለቱም የሚጀምሩት ከዚህችው የባሕር ዳር ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ዛሬ ለመናገር ያሰብነው ግን ስለ ዕቃና ስለ መርከብ ሳይሆን፥ በዚያች ከተማ ሙቀት ውስጥ ለሚኖር ቤተሰብ ሁሉ ስለሚጠቅም አንድ የጤና ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በሽንት ውስጥ ስለሚገኝ ፕሮቲንና ስለ ምርመራው ዘዴ ነው።

በአገራችን ደጋ ክረምቱ በሚበረታበት በሐምሌና በነሐሴ ወር፥ በጅቡቲ ኀምሲን የሚባለው ደረቅና ትኩስ ነፋስ ይነፍሳል፤ የቀኑም ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚህ ወራት ሰው ከጠጣው ውኃ ብዙውን በላብ ያወጣዋል፤ ስለዚህ ሽንቱ ያንሳል፥ ቀለሙም ይጠቍራል። ይህ ነገር ለተራው ሰው የጥማት ምልክት ብቻ ነው፤ ለላቦራቶሪ ሠራተኛ ግን ፍርድን ሊያዛባ የሚችል የሒሳብ ጉዳይ ነው። ይህንም የተማርሁት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከአንድ ቤተሰብ ጭንቀት ነው።

ለሥራ ጉዳይ በጅቡቲ ከተማ በተቀመጥሁበት ጊዜ፥ ፈረንሳይኛ ማንበብ ስለምችል የአገራችን ሰዎች ከሐኪም የተሰጣቸውን ወረቀት እየያዙ ወደ እኔ ይመጡ ነበር። በአንድ የነሐሴ ማታ ሰባተኛ ወሯን የያዘች ነፍሰ ጡር እኅታችን መጣች። ባለቤቷ የከባድ መኪና ነጂ ስለ ሆነ በዚያ ሰሞን ጭነት ይዞ በጋላፊ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። ወረቀቱን ዘርግታ፥ «ጋሼ፥ እባክዎ ይህን ያንብቡልኝ። ነርሷ መስቀል ወጥቶብሻል አለችኝ፤ ልጄ አይተርፍም ማለት ነው ወይ?» አለችኝ።

ወረቀቱን አየሁት። በፕሮቲን መስመር ላይ አንድ የመደመር ምልክት ተጽፎበት ነበር። በፈረንሳይኛ የላቦራቶሪ ልማድ ይህ ምልክት «ክሯ» ይባላል፤ ትርጓሜውም መስቀል ማለት ነው። እኅታችን ቃሉ ሲተረጐምላት በመቃብር ላይ የሚተከለውን መስቀል አሰበች። ምልክቱ የመጠን እንጂ የሞት ምልክት አለመሆኑን ነገርኋት፤ ነገር ግን መጠኑ ምን ያህል እንደ ሆነና ምን እንደሚያስከትል ማስረዳት አቃተኝ። ሐኪም ያልሆነ ሰው የሚሰጠው ማጽናኛ በእንዲህ ያለ ነገር ዋጋ ስለሌለው፥ በማግሥቱ ማለዳ ወደ ትልቅ ሐኪም ቤት አብሬያት ሄድሁ። ከዚህ በታች የምገልጸው በዚያ ሰሞን ከባለሙያዎች ጠይቄ የተረዳሁትና በኋላም አንብቤ ያጣራሁት ነው።

ኵላሊት ምን ይሠራል?

ስለ ምርመራው ከመናገራችን በፊት ስለ ኵላሊት ሥራ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በእያንዳንዱ ኵላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል እጅግ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። በእነዚህ ማጣሪያዎች በኩል በ24 ሰዓት ውስጥ 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ይጣራል። ከዚህም ውስጥ አብዛኛው ተመልሶ ወደ ደም ሲገባ፥ ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር የሚሆነው ብቻ ሽንት ሆኖ ይወጣል። ጤነኛ ማጣሪያ እንደ ጥሩ ወንፊት ነው፤ ውኃውን፥ ጨውንና ሰውነት የማይፈልገውን ነገር ያሳልፋል፤ ደም የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ግን ያስቀራል። ወንፊት በተቀደደ ጊዜ ግርድፉ ከዱቄቱ ጋር አብሮ እንደሚወርድ ሁሉ፥ ማጣሪያው በተጐዳ ጊዜ ፕሮቲን ከሽንት ጋር ይወርዳል።

በደም ፈሳሽ ውስጥ ከሚገኙት ፕሮቲኖች ዋናው አልቡሚን ይባላል። ስሙ ነጭ ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ነው፤ በዕንቍላል ነጩ ክፍል ውስጥም የዚሁ ወገን የሆነ ፕሮቲን ይገኛል። የአልቡሚን ዋና ሥራ ውኃ ከደም ሥር ወጥቶ በሰውነት ውስጥ እንዳይጠራቀም መያዝ ነው። ስለዚህ አልቡሚን በብዛት በሽንት የሚፈስሰው ሰው እግሩና የዓይኑ ቆብ ያብጣል፤ ሽንቱም ብዙ አረፋ ይይዛል።

ጤነኛ ሰውም ቢሆን ጥቂት ፕሮቲን በሽንቱ ሳያወጣ አይቀርም። መጠኑ ግን በቀን ከ150 ሚሊግራም አይበልጥም። ነፍሰ ጡር ሴት ኵላሊቷ ከወትሮው ይልቅ ስለሚሠራ እስከ 300 ሚሊግራም ድረስ ይፈቀድላታል። በቀን ከ3.5 ግራም በላይ የሚያወጣ ሰው ግን ማጣሪያው በጣም የተጐዳበት መሆኑ የታወቀ ነው።

በእኛ ዘንድ ወገቡን ያመመው ሰው ሁሉ «ኵላሊቴን አመመኝ» ማለት ልማድ ሆኗል። ነገር ግን ፕሮቲን የሚያፈስ ኵላሊት ብዙውን ጊዜ አንዳች ሕመም አያሰማም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የሚደብቀው ሰውዬው ሳይሆን በሽታው ራሱ ነው። ስለዚህም ሽንትን መመርመር አስፈላጊ ሆነ። ሽንት የሚለውን ቃል በሰው ፊት መናገር ነውር መስሎ ስለሚታይ ብዙ ሰው «ውኃ ሽንት» እያለ ያለሰልሰዋል፤ በሐኪም ፊት ግን የሚያሳፍር ነገር የለም።

በእሳትና በኮምጣጤ

የዕንቍላል ነጩ በእሳት ላይ በሞቀ ጊዜ እንደሚረጋና እንደሚነጣ ማንኛዪቱም የቤት እመቤት ታውቃለች። የቀድሞው የላቦራቶሪ ዘዴ የተመሠረተው በዚሁ ነገር ላይ ነው። ዶሜኒኮ ኮቱኞ የተባለው የኢጣልያ ሐኪም በ1764 ባሳተመው መጽሐፍ፥ ሰውነቱ ያበጠበት የአንድ ወታደር ሽንት በእሳት በሞቀ ጊዜ እንደ ዕንቍላል ነጭ መርጋቱን ገለጸ። በ1827 ደግሞ በሎንዶን ከተማ በጋይስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ሪቻርድ ብራይት፥ የሰውነት እብጠትና በእሳት የሚረጋ ሽንት ከታመመ ኵላሊት ጋር የተያያዙ መሆናቸውን አስረዳ። መሣሪያውም አንድ ማንኪያና የሻማ ነበልባል ነበር።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። አስቀድሞ ሽንቱ ይጣራል፤ ከዚያም የመስተዋት ቱቦ ሦስት አራተኛው ይሞላና የላይኛው ክፍል ብቻ እስኪፈላ ድረስ በእሳት ላይ ይያዛል። የታችኛው ክፍል ስላልሞቀ ለማመሳከሪያ ያገለግላል። የላይኛው ከደፈረሰ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፤ ፕሮቲን ሊሆን ይችላል፥ ወይም ፎስፌት የተባለ ጨው ሊሆን ይችላል። ለመለየትም የኮምጣጤ አሲድ በጥቂት ጠብታ ይጨመርበታል። ድፍርስነቱ ከጠፋ ጨው ነበር፤ ከቀረ ፕሮቲን ነው።

እሳት ሳያስፈልግ ፕሮቲንን የሚያደፈርስ ሌላ አሲድም አለ፤ ስሙም ሰልፎሳሊሲሊክ አሲድ ይባላል። ሽንቱና አሲዱ በቱቦ ውስጥ ይቀላቀሉና የድፍርስነቱ መጠን ይታያል፤ ከቱቦው በስተኋላ የተያዘ ጽሑፍ በግልጽ የሚነበብ፥ በጭንቅ የሚነበብ ወይም ፈጽሞ የማይነበብ መሆኑ ደረጃውን ያመለክታል። የዚህ ዘዴ ጥቅም አልቡሚንን ብቻ ሳይሆን ሌሎችንም ፕሮቲኖች ማሳየቱ ነው። ጉድለቱ ደግሞ፥ ለራጅ ምርመራ በደም ሥር የሚሰጡ መድኃኒቶችና በብዛት የተወሰደ ፔኒሲሊን ያለ ፕሮቲን ሊያደፈርሱት መቻላቸው ነው።

መጠኑን በቍጥር ለማወቅ ኤስባኽ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1874 አንድ ቱቦ አዘጋጀ። ሽንቱ ከፒክሪክ አሲድ ጋር ተቀላቅሎ በቱቦው ውስጥ ለ24 ሰዓት ይቀመጣል፤ ከታች የሚዘቅጠው ነጭ ነገር በቱቦው ላይ በተጻፈው ልክ ይነበባል። ይህ ዘዴ ለብዙ ዘመን ሲያገለግል ቆይቶ ዛሬ ቦታውን ለተሻሉ ዘዴዎች ለቋል።

ቀለም የሚለውጠው ወረቀት

ዛሬ በየክሊኒኩ የሚገኘው የመመርመሪያ ወረቀት ከአንድ ስሕተት የተወለደ ነው። ሶረንሰን የተባለው የዴንማርክ ሊቅ በ1909፥ የአሲድን መጠን የሚያመለክቱ አንዳንድ ቀለሞች ፕሮቲን ባለበት ፈሳሽ ውስጥ የተሳሳተ ምልክት እንደሚሰጡ አስተዋለ። አሲዱ ሳይለወጥ ቀለሙ ይለወጥ ነበር። በኋላ ሌሎች ይህንኑ ስሕተት ለጥቅም አዋሉት። በ1957 አልቡስቲክስ የተባለው በሽንት ውስጥ ነክሮ የሚነበብ ወረቀት በአሜሪካ ለገበያ ቀረበ።

ወረቀቱ ፕሮቲን ከሌለ ቢጫ ሆኖ ይቀራል፤ ፕሮቲን ካለ ወደ አረንጓዴ፥ ከበዛም ወደ ሰማያዊ ያደላል። አንድ የመደመር ምልክት በዴሲሊትር 30 ሚሊግራም፥ ሁለት 100፥ ሦስት 300 ሚሊግራም ያህል ማለት ነው። በጅቡቲ የሚሰጠው ወረቀት ፈረንሳይኛ ስለ ሆነ መጠኑ በሊትር ሊጻፍ ይችላል፤ 0.3 ግራም በሊትር የተባለው ከ30 ሚሊግራም በዴሲሊትር ጋር አንድ ነው። ከአንድ ምልክት በታች የሆነውን ጥቂት መጠን ደግሞ «ትራስ» ይሉታል፤ ይህም ርዝራዥ ማለት ነው።

ወረቀቱ ርካሽና ፈጣን በመሆኑ ለብዙ እናቶች ሕይወት ጠቅሟል። ነገር ግን የሚያሳስቱት ነገሮች አሉ። አንደኛ፥ ሽንት በሙቀት ውስጥ ከቆየ ተሕዋስያን ስለሚበዙበት አሲድነቱን ያጣል፤ በዚህ ጊዜ ፕሮቲን ሳይኖር ወረቀቱ አረንጓዴ ይሆናል። ሁለተኛ፥ ዕቃን ወይም ገላን ለማጽዳት የሚያገለግሉ አንዳንድ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች በሽንቱ ውስጥ ከገቡ እንደዚሁ ያሳስታሉ። ሦስተኛ፥ የወረቀቱ ጠርሙስ ክፍቱን ሲቀመጥ እርጥበትና ሙቀት ያበላሸዋል። አራተኛ፥ በተወሰነው ሰዓት፥ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ በ60 ሴኮንድ፥ ሳይነበብ ከዘገየ ቀለሙ ይለወጣል። እኅታችን በተመረመረችበት ትንሽ ክሊኒክ ሽንቷ ከረፋድ እስከ ቀትር በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ መቆየቱን ከራሷ አፍ ሰማሁ።

የውኃው ሒሳብ

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የውኃው ነገር ነው። ወረቀቱ የሚነግረን በቀን ምን ያህል ፕሮቲን እንደ ወጣ ሳይሆን፥ በዚያች ሰዓት በነበረው ሽንት ውስጥ ፕሮቲኑ ምን ያህል እንደ ወፈረ ብቻ ነው። አንድ ማንኪያ ስኳር በአንድ ስኒ ሻይ ውስጥ ሲጨመር ሻዩ በጣም ይጣፍጣል፤ ያው ስኳር በአንድ ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ሲጨመር ግን ጣዕሙ አይታወቅም። ስኳሩ ያው ነው፤ የተለወጠው ውኃው ነው።

ይህንን በቍጥር እንመልከት። አንዲት ጤነኛ ነፍሰ ጡር በቀን 200 ሚሊግራም ፕሮቲን ታወጣለች እንበል። በደጋ አገር ተቀምጣ ሁለት ሊትር ሽንት ከሸናች፥ በእያንዳንዱ ዴሲሊትር 10 ሚሊግራም ይደርሳል፤ ወረቀቱም ቢጫ እንደ ሆነ ይቀራል። በጅቡቲ ሙቀት ውኃዋ በላብ አልቆ ግማሽ ሊትር ብቻ ከሸናች ግን፥ በዴሲሊትር 40 ሚሊግራም ይሆናል፤ ወረቀቱም አንድ መስቀል ያሳያል። በተቃራኒው ደግሞ አንድ የታመመ ሰው በቀን 500 ሚሊግራም ፕሮቲን እያፈሰሰ፥ ብዙ ውኃ ጠጥቶ አራት ሊትር ቢሸና፥ በዴሲሊትር 12.5 ሚሊግራም ብቻ ይሆንና ወረቀቱ ላያየው ይችላል። እንግዲህ ያው ወረቀት ጤነኛዪቱን ታማሚ፥ ታማሚውን ጤነኛ ሊያደርግ ይችላል ማለት ነው።

የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊት ሽንት

ይህን ችግር ለማስወገድ የቀድሞ ሐኪሞች ያገኙት መፍትሔ የ24 ሰዓቱን ሽንት ሁሉ ማጠራቀም ነው። ሰውዬው ማለዳ ሲነሣ የመጀመሪያውን ሽንት ይደፋል፤ ሰዓቱንም ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ቀንና ሌሊት የሚሸናውን ሁሉ በአንድ ትልቅ ዕቃ ያጠራቅማል፤ በማግሥቱ በዚያው ሰዓት የሚሸናውንም ይጨምርበታል። ላቦራቶሪው ጠቅላላውን ሽንት ለክቶ፥ ከውስጡም የፕሮቲኑን መጠን መርምሮ የቀኑን ድምር ያወጣል።

ዘዴው ትክክለኛ ነው፤ ለመፈጸም ግን ያስቸግራል። አንድ ጊዜ ተረስቶ ከተደፋ ሒሳቡ ሁሉ ይፈርሳል። ዕቃው በቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት፥ ወይም ብዙ ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ በሚጠቀምበት ግቢ ይህ ቀላል አይደለም። በመንገድ ላይ ለሚውልና ለሚያድር የመኪና ነጂማ ፈጽሞ የማይሆን ነገር ነው።

ክሬአቲኒን የተባለው ምስክር

ስለዚህ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራበት ሌላ ዘዴ ነው። ጡንቻችን በየቀኑ ክሬአቲኒን የተባለ ነገር ያወጣል፤ ይህም በኵላሊት በኩል በሽንት ይወርዳል። የአንድ ሰው ጡንቻ ከዛሬ ነገ ስለማይለወጥ የክሬአቲኒኑም መጠን በየቀኑ እምብዛም አይለዋወጥም። ውኃ ሲያንስ ፕሮቲኑም ክሬአቲኒኑም አብረው ይወፍራሉ፤ ውኃ ሲበዛ አብረው ይቀጥናሉ። ስለዚህ አንዱን ለሌላው በማካፈል የውኃውን ነገር ከሒሳቡ ማስወጣት ይቻላል።

የቀድሞውን ምሳሌ እንመልስ። ያች ነፍሰ ጡር በቀን 1,000 ሚሊግራም ክሬአቲኒን ታወጣለች እንበል። በሁለት ሊትር ሽንት ውስጥ ፕሮቲኑ 10፥ ክሬአቲኒኑ 50 ይሆናል፤ ሲካፈል 0.2 ነው። በግማሽ ሊትር ሽንት ውስጥ ፕሮቲኑ 40፥ ክሬአቲኒኑ 200 ይሆናል፤ ሲካፈል አሁንም 0.2 ነው። ይኸውም ለአንድ ግራም ክሬአቲኒን 200 ሚሊግራም ፕሮቲን ማለት ነው፤ ለነፍሰ ጡር ከተወሰነው ከ300 በታች ስለ ሆነ አያስደነግጥም። በፈረንሳይኛው ወረቀት ይህ ወሰን በሚሊሞል 30 ሚሊግራም ተብሎ ይጻፋል። ለሌላው ሰው ወሰኑ 150 ሚሊግራም በግራም ያህል ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ የተሸና ጥቂት ሽንት ብቻ ነው፤ ማለዳ ከእንቅልፍ ሲነሡ የሚሸናው ይመረጣል። በላቦራቶሪው ውስጥ ለፕሮቲኑ ፒሮጋሎል ሬድ የተባለ ቀይ ቀለም ይጨመርበታል፤ ቀለሙ ከፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ወደ ሰማያዊ ስለሚለወጥ፥ የብርሃን መለኪያ መሣሪያ የለውጡን መጠን በቍጥር ያነባል። ክሬአቲኒን ደግሞ ያፌ የተባለው ጀርመናዊ በ1886 ባገኘው መንገድ በፒክሪክ አሲድ ይለካል፤ ይህም ኤስባኽ ለፕሮቲን ይጠቀምበት የነበረው አሲድ ነው። ነገር ግን ይህም ዘዴ ቢሆን ጥንቃቄ ያሻዋል። ጡንቻው የመነመነ ሰው ክሬአቲኒኑ አነስተኛ ስለ ሆነ ውጤቱ ከፍ ይላል፤ ጡንቻው የዳበረ ሰው ደግሞ ዝቅ ይልለታል። ትኩሳትና ከባድ የጕልበት ሥራም ለጊዜው ፕሮቲንን ከፍ ያደርጋሉ። ስለዚህ ምርመራው መደገም አለበት።

የትኛው ፕሮቲን ነው?

ሌላም ጥያቄ አለ፤ የወጣው ፕሮቲን ማነው? የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ኵላሊቱ መጐዳት ሲጀምር የሚወጣው እጅግ ጥቂት አልቡሚን ነው፤ ወረቀቱም አያየውም። በ1963 ኪንና ክሉቬራኪስ የተባሉ ተመራማሪዎች በሎንዶን ይህን ጥቂት አልቡሚን የሚለካ ዘዴ አወጡ። አልቡሚንን ለይቶ የሚይዝ ፀረ አካል የተባለ ነገር በመጠቀም ይሠራል፤ ዛሬም የዚሁ ተከታይ የሆኑ ዘዴዎች በየላቦራቶሪው ይገኛሉ። ለአንድ ግራም ክሬአቲኒን ከ30 ሚሊግራም በላይ አልቡሚን ከተገኘና ይህም በተደጋጋሚ ከታየ፥ ኵላሊቱ መታመም ጀምሯል ማለት ነው።

ደግሞም ወረቀቱ ጨርሶ የማያየው ፕሮቲን አለ። ሄንሪ ቤንስ ጆንስ የተባለው እንግሊዛዊ በ1847 እንደ ገለጸው፥ ይህ ፕሮቲን ሽንቱ ለብ ሲል ይረጋል፥ ሲፈላ ግን ተመልሶ ይሟሟል። ምንጩ የአጥንት መቅኒ ካንሰር ነው። ለመለየትም ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ኃይል እየጐተተ እያንዳንዱን በየቦታው የሚያሰልፍ ኤሌክትሮፎሬሲስ የተባለ ዘዴ አለ፤ ለዚህ ሥራው ስዊድናዊው አርኔ ቲሴሊዩስ በ1948 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

የነገሩ ፍጻሜ

ወደ እኅታችን ጉዳይ እንመለስ። በሐኪም ቤቱ አዋላጇ በመጀመሪያ ያየችው ሽንቷን ሳይሆን የደም ብዛቷን ነበር። ምክንያቱም ከአምስተኛው ወር በኋላ ነፍሰ ጡርን የሚያሰጋው ፕሪኤክላምፕሲያ የተባለው በሽታ ዋና ምልክቱ የደም ብዛት ወደ 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ መውጣቱ ነው። ይህ በሽታ ካልታከመ እናቲቱን እስከሚያንቀጠቅጥና ሕይወቷን ከልጇ ጋር እስከሚያጠፋ ይደርሳል። ማግኒዚየም ሰልፌት የተባለው መድኃኒት የመንቀጥቀጡን አደጋ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስ በ2002 በታተመ ትልቅ ጥናት ተረጋግጧል፤ ነገር ግን የሚጠቅመው እናቲቱ በጊዜው ስትገኝ ነው። የአሜሪካ የማሕፀን ሐኪሞች ማኅበር በ2013 እንዳሳወቀው፥ ፕሮቲን ባይታይም እንኳ የደም ብዛት ከሌሎች የአደጋ ምልክቶች ጋር ከተገኘ በሽታው አለ ሊባል ይችላል።

የእኅታችን የደም ብዛት 118 በ76 ሆነ። በማግሥቱ ማለዳ አዲስ ሽንት ሰጠች፤ ወዲያውም ተመረመረ። ውጤቱ በግራም 190 ሚሊግራም ሆነ። «ሙቀቱና የተቀመጠው ሽንት ናቸው ያስደነገጡሽ፤ ውኃ ጠጪ፥ የደም ብዛትሽን ግን በየሳምንቱ እየመጣሽ ተለኪ» አለቻት። እርሷም እንደ ተባለችው አደረገች፤ በጥቅምት መጨረሻም ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች።

ባለቤቷ ከመንገድ ሲመለስ በፍርሃታችን ሳቀ። እርሱ ራሱ የስኳር በሽታ ከያዘው ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር፤ በየጊዜውም በወረቀት ሲመረመር ንጹሕ ነህ ይባል ነበር። በመንገድ ላይ ሙቀቱን ለመቋቋም ቀኑን ሙሉ ውኃ ስለሚጠጣ፥ ሽንቱ እንደ ምንጭ ውኃ የጠራ ነበር። አዋላጇ ስለ እርሱ ከሚስቱ ሰምታ ስለ ነበረ፥ የአልቡሚኑ መጠን በክሬአቲኒን ተካፍሎ እንዲታይ ወደ ሐኪም ላከችው። ውጤቱ በግራም 210 ሚሊግራም ሆነ፤ ከሁለት ወር በኋላ ሲደገምም አልተሻለም። ሁላችን የፈራንላት ጤነኛ ሆና፥ ማንም ያልፈራለት ታማሚ ሆኖ ተገኘ።

ደግነቱ ጊዜው አላለፈም ነበር። የደም ብዛትን ዝቅ ከሚያደርጉት መድኃኒቶች አንዳንዶቹ ኵላሊት ፕሮቲን ማፍሰሱን ይቀንሳሉ፥ ጕዳቱንም ያዘገያሉ፤ እነዚህ ግን ለነፍሰ ጡር የተከለከሉ ናቸው። ኵላሊት ፈጽሞ ከደከመ በኋላ የሚቀረው መንገድ ደምን በመሣሪያ ማጠብ ወይም ሌላ ኵላሊት መተካት ነው። በአገራችን የመጀመሪያው የኵላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በ2015 በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ነው። ይህ የሚያኰራ ሥራ ቢሆንም፥ ነገሩ እዚያ ሳይደርስ በአንድ ማለዳ ሽንት መታወቁ ለሰውዬውም ለቤተሰቡም ይበልጥ ይሻላል።

ስለዚህ ክቡራን አንባቢያን፤ በሞቃት አገር የምትኖሩም ሆናችሁ ወደዚያ የምትመላለሱ፥ የሽንት ምርመራ ስታደርጉ የማለዳውን ሽንት በንጹሕ ዕቃ ስጡ፤ መጀመሪያ የሚወርደውን ትታችሁ የመካከሉን ያዙ፤ ሳይቆይም እንዲታይ ጠይቁ። ምልክት ቢወጣ አትደንግጡ፥ ነገር ግን አትናቁት፤ በክሬአቲኒን ተካፍሎ እንዲደገም ሐኪሙን ለምኑ። የስኳር በሽታ ወይም የደም ብዛት ያለባችሁ ደግሞ «ወረቀቱ ንጹሕ ነው» በመባል ብቻ አትርኩ፤ የአልቡሚኑን መጠን በየዓመቱ አስለኩ። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ብርቱ ራስ ምታት፥ የዓይን ብዥታ፥ ከልብ በታች የሚሰማ ሕመም፥ ወይም ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት ከታየባት የማለዳ ሽንት እስኪደርስ ትጠብቅ ዘንድ አይገባም፤ በዚያችው ሰዓት፥ በሌሊትም ቢሆን፥ ወደ ሐኪም ቤት ትሂድ።